የመውቂያ ማሽን የሚገዛ አርሶ አደር ሻጩን ምን ይጠይቅ?

ገንዳ ውኃ፦ በምዕራብ ጎንደር ዞን ቆላማ ወረዳዎች የሰሊጥ ምርት ከማሳ ተነሥቶ የአኩሪ አተርና የማሽላ አጨዳ ሲቃረብ የመውቂያ ማሽን ፈላጊ ይበዛል። ማሽን ለራሱ ማሳ የሚፈልግ አርሶ አደር አለ፤ በማኅበር ተደራጅቶ የሚገዛ ወጣት አለ፤ በኪራይ ለማሠራት ገንዘቡን የሚያፈስስ የከተማ ነዋሪም አለ። ሦስቱም የሚገጥማቸው ጥያቄ ግን ተመሳሳይ ነው። ማሽኑ በሻጩ ግቢ ሲታይ አዲስና ጠንካራ ነው፤ ማሳ ላይ ሲደርስስ የተባለለትን ይሠራል ወይ? ቢሰበርስ ማን ይጠግነዋል?

ማሽን ገዝቶ መክሰር ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ዋጋ ላይ ብቻ ከመከራከር ነው። ገዢው ከዋጋው እኩል ሊከራከርባቸው የሚገቡ ሦስት ጉዳዮች አሉ፤ እነርሱም ማሽኑ ለየትኛው ሰብል እንደተሠራ፣ መለዋወጫው ከየት እንደሚገኝና ሻጩ የተናገረው ቃል በጽሑፍ መስፈሩ ናቸው።

የአምስት ቀን መቆም ምን ያስከፍላል?

መተማ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምዕራብ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከጎንደር ከተማ ደግሞ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። መተማ፣ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆ ሰሊጥ፣ ማሽላ፣ ጥጥና አኩሪ አተር በስፋት የሚመረትባቸው ወረዳዎች ናቸው። ዝናቡ በአመዛኙ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል፤ የአጨዳው ሥራም ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ውስጥ ይከማቻል።

ቀድሞ የሚደርሰው ሰሊጥ ነው። የሰሊጥ ፍሬ ደርሶ ከቆየ ስለሚረግፍ ጊዜ አይሰጥም። በመሆኑም ከደጋው የሚመጣው የቀን ሠራተኛ በሙሉ ወደ ሰሊጡ ይሰማራል። አኩሪ አተሩና ማሽላው ተራ ይጠብቃሉ። ታጭዶ በአውድማ የተከመረ ማሽላ በዘገየ ቁጥር ለወፍ፣ ለምስጥ፣ ለእሳትና ወቅቱን ላልጠበቀ ዝናብ ይጋለጣል። ለዘርና ለአረም የተበደረው ገንዘብም የመመለሻ ቀኑ አይራዘምም።

በሰዓት 10 ኩንታል የሚወቃ ማሽን በቀን 8 ሰዓት፣ ለ25 ቀናት ቢሠራ 2 ሺህ ኩንታል ይወቃል። ይኸው ማሽን በአንድ ኩሽኔታ መሰበር ምክንያት አምስት ቀን ቢቆም 400 ኩንታል ሳይወቃ ይቀራል። የኩሽኔታው ዋጋ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ በርካሽ የተገዛ ማሽን በወቅቱ መካከል ከቆመ ርካሽነቱ ያበቃል።

ሁሉን የሚወቃ የለም

ብዙ ሻጮች ማሽናቸውን ‹‹ሁለገብ›› ብለው ያቀርቡታል። ሁለገብ የሚለው ቃል ከበሮውን፣ ወንፊቱንና ፍጥነቱን እየቀያየሩ የተለያየ ሰብል መውቃት ይቻላል ማለት እንጂ ያለ ምንም ለውጥ ሁሉን ይወቃል ማለት አይደለም።

የመውቂያ ማሽን አሠራር በመሠረቱ ቀላል ነው። ጥርስ ያለው ተሽከርካሪ ከበሮ ሰብሉን ይመታል፤ ከከበሮው ሥር ያለው ጥምዝ ወንፊት ፍሬውን ያሳልፋል፤ ማራገቢያው እብቁን ያበራል፤ የሚነቃነቀው ወንፊት ደግሞ ፍሬውን ከቀሪው ቆሻሻ ይለያል። ልዩነቱ የሚመጣው የእያንዳንዱ ሰብል ፍሬ መጠንና ጥንካሬ የተለያየ በመሆኑ ነው።

አኩሪ አተር በቀላሉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የከበሮው ፍጥነት ዝቅ ማለት፣ በከበሮውና በወንፊቱ መካከል ያለው ክፍተትም መስፋት አለበት። የተሰነጠቀ አኩሪ አተር በገበያ ዋጋው ይወርዳል፤ ለዘር ቢቀመጥም አይበቅልም። ማሽላ ከዚህ የፈጠነ ምት ይችላል፤ ሆኖም ወደ ማሽኑ የሚገባው ራሱ ብቻ ነው ወይስ አገዳውም ጭምር የሚለው መታወቅ አለበት። ረጅም አገዳ ያለው የአካባቢ ማሽላ ለራስ ብቻ ወደተሠራ ማሽን ከነአገዳው ቢገባ ከበሮው ይታነቃል፤ ሞተሩም ይጨነቃል።

ሰሊጥ ከሁሉም ይለያል። በአካባቢው ሂላ እየተባለ በሚጠራው ክምር ቆሞ የደረቀ ሰሊጥ ፍሬ መያዣው በራሱ ይከፈታል። ነዶውን በሸራ ላይ ገልብጦ መምታት ፍሬውን ለማውጣት ይበቃል። ነዶውን እንዳለ ከበሮ ውስጥ ማስገባት ግን ለስላሳውን ፍሬ ያደቅቃል፤ የግንድ ስብርባሪም ይቀላቅልበታል። ሰሊጥ በምርት ገበያ በደረጃ የሚሸጥ ሰብል በመሆኑ የባዕድ ነገር መጠን ከፍ ሲል ደረጃው ይወርዳል። ‹‹ይህ ማሽን ሰሊጥም ይወቃል›› የሚል ሻጭ ከተገኘ በገዢው ሰሊጥ ሠርቶ እንዲያሳይ መጠየቅ ይገባል። ለሰሊጥ የሚጠቅመው መሣሪያ በአብዛኛው ማበጠሪያ ነው።

የሻጩ ቁጥርና የማሳው ቁጥር

በማስታወቂያ ላይ ‹‹በሰዓት ይህን ያህል ኩንታል›› የሚለው ቁጥር ብዙውን ጊዜ በደረቅና ንጹሕ ሰብል፣ በለመደ ሠራተኛና ያለማቋረጥ በመመገብ የተገኘ ነው። በማሳ ላይ ነዶ ማቅረብ፣ ጆንያ መለወጥ፣ ናፍጣ መሙላትና የታነቀ ከበሮ ማጽዳት ጊዜ ይወስዳሉ። ገዢው ስሌቱን የሚሠራው ሙሉ ቀን በሠራ ማሽን ውጤት ላይ ተመሥርቶ መሆን አለበት።

የሞተር ጉልበትም እንዲሁ ነው። በትንንሽ የናፍጣ ሞተሮች መለያ ላይ አንዳንዴ ሁለት ቁጥሮች ይጻፋሉ። አንደኛው ሞተሩ ለአንድ ሰዓት ብቻ ሊሰጠው የሚችለው ከፍተኛ ጉልበት ሲሆን ሁለተኛው ለ12 ሰዓት ሳይጨነቅ የሚሠራበት ጉልበት ነው። ሻጭ የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ ትልቁን ነው። ለአውድማ ሥራ የሚጠቅመው ግን ትንሹ ቁጥር ነው። በመተማ ቆላ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሚወጣባቸው ቀናት ሞተር በፍጥነት ይግላል፤ እብቅና አቧራ ደግሞ የአየር ማጣሪያውንና ራዲያተሩን ይደፍናሉ። ማጣሪያው ያለ ብዙ ድካም ተፈቶ የሚጸዳ መሆኑን በዓይን ማየት ጥሩ ነው።

በትራክተር ጉልበት ለሚሠራ መውቂያ ሁለት ነገሮች ይጣራሉ። የመጀመሪያው ትራክተሩ ከኋላ በሚሰጠው ማዞሪያ ማለትም በፒቲኦ ፍጥነት መስማማቱ ነው። የተለመደው ፍጥነት በደቂቃ 540 ዙር ሲሆን ማያያዣ ሻፍቱም ባለ ስድስት ጥርስ ነው። ሁለተኛው የትራክተሩ ጉልበት ከመውቂያው ፍላጎት ከፍ ማለቱ ነው። ጉልበቱ ያነሰ ትራክተር ሰብል በገባ ቁጥር ከበሮውን ያዘገያል፤ የዘገየ ከበሮም ሳይወቃ የቀረውን ፍሬ ከገለባው ጋር ያወጣል።

ሦስት ቀላል ሙከራዎች

የማሽኑን ጥራት ለመለካት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ሸራ፣ ሚዛንና ሰዓት ይበቃሉ።

አንደኛው ሙከራ የሥራ አቅም ነው። ማሽኑ በገዢው ሰብል ለአንድ ሙሉ ሰዓት እንዲሠራ ይደረግና የወጣው ፍሬ ይመዘናል። የአሥር ደቂቃውን ውጤት በስድስት ማባዛት አያስተማምንም፤ ሞተሩ ሲግል የሚሆነው የሚታየው ዘግይቶ ነውና።

ሁለተኛው የብክነት ሙከራ ነው። ገለባ በሚወጣበት በኩል ሸራ ተነጥፎ ማሽኑ ለአሥር ደቂቃ ይሠራል። በገለባው ውስጥ የተገኘው ፍሬ ተለቅሞ ይመዘናል፤ በዚያው አሥር ደቂቃ በጆንያ ከተሰበሰበው ጋርም ይነጻጸራል። ከእያንዳንዱ ኩንታል ሁለት ኪሎ ግራም የሚባክን ከሆነ 300 ኩንታል የሚያመርት አርሶ አደር በየዓመቱ ስድስት ኩንታል ለገለባ ይሰጣል ማለት ነው።

ሦስተኛው የስብራት ሙከራ ነው። ከጆንያው ላይኛ፣ መካከለኛና ታችኛ ክፍል ፍሬ ተወስዶ መቶ ፍሬ ይቆጠራል፤ ከመቶው የተሰነጠቀው ስንት እንደሆነም ይታያል። ቁጥሩ ከበዛ ፍጥነቱ ተቀንሶ ሙከራው ይደገማል። ፍጥነቱን የሚቀንስ ተጨማሪ ፑሌጃ ከማሽኑ ጋር ካልቀረበ ማሽኑ ሁለገብ ነው ሊባል አይችልም።

ውጤቱ በሰብሉ ድርቀትም ይወሰናል። እርጥብ ማሽላ ከራሱ አይላቀቅም፤ ከመጠን በላይ የደረቀ አኩሪ አተር ደግሞ ይሰነጠቃል። የተወቃ ማሽላ ለክምችት የሚመቸው እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ሲወርድ ነው።

ኩሽኔታና ቺንጋ የት ይገኛል?

በመውቂያ ማሽን ላይ ቶሎ የሚያልቁት ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ የከበሮ ጥርስና ወንፊት ናቸው። ከነዚህ መካከል ኩሽኔታና ቺንጋ በዓለም አቀፍ መለኪያ የተሠሩ ከሆኑ ከየትኛውም የመለዋወጫ ሱቅ ሊገኙ ይችላሉ። ለምሳሌ 6206 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ኩሽኔታ በየትኛውም ፋብሪካ ቢሠራ ውስጣዊ ስፋቱ 30 ሚሊ ሜትር ነው። ገዢው ክዳኑን አስከፍቶ ቁጥሮቹን ቢመዘግብና በገንዳ ውኃና በጎንደር ሱቆች መኖራቸውን ቢያጣራ ትልቅ ሥራ ሠራ ማለት ነው። ቁጥር የሌለው፣ ለዚያ ማሽን ብቻ የተሠራ ዕቃ ከበዛ ግን ገዢው በአንድ ሻጭ እጅ ላይ ይወድቃል።

ከድንበር ማዶ በሚመጣ መለዋወጫ ላይ መተማመንም አስተማማኝ አይደለም። በገዳሪፍ ዙሪያ ያለው ሰፊ የሜካናይዜሽን እርሻ አካባቢውን የመሣሪያ ገበያ አድርጎት ኖሯል፤ ይሁን እንጂ በሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም የተቀሰቀሰው ጦርነት የድንበሩን ንግድ አውኮታል። በኮንትሮባንድ የገባ ማሽን ደግሞ ዋስትና የለውም፤ የመወረስ አደጋም ይከተለዋል።

በሀገር ውስጥ የተሠሩ መውቂያዎች የራሳቸው ጠቀሜታ አላቸው። የአሰላ የግብርና ምህንድስና ምርምር ማዕከልና የባሕር ዳር የግብርና ሜካናይዜሽንና የምግብ ሳይንስ ምርምር ማዕከል በእርሻ መሣሪያዎች ላይ ይሠራሉ፤ የመውቂያ ሞዴሎችን የሚያባዙ ወርክሾፖችም አሉ። እነዚህን ማሽኖች በአካባቢ ብየዳ ቤት መጠገን ይቀላል። ጥራታቸው ግን ከወርክሾፕ ወርክሾፕ ይለያያል። ከበሮው ያለ ሰብል ሲሽከረከር ማሽኑ ከተንቀጠቀጠ ከበሮው ሚዛኑን አልጠበቀም፤ እንዲህ ያለው ማሽን ኩሽኔታ ይበላል፣ ብየዳም ይሰነጥቃል።

አስመጪ፣ ወኪልና ደላላ

በመሣሪያ ገበያ ገዢው የሚያገኘው ሰው ማን እንደሆነ መለየት አለበት። አስመጪው ማሽኑን ከውጭ ያስገባ፣ ከአምራቹም ጋር ግንኙነት ያለው ነው። ወኪሉ በአስመጪው ስም የሚሸጥ ነው። ደላላው ግን ገዢና ሻጭን አገናኝቶ ድርሻውን ወስዶ ይሄዳል፤ ማሽኑ ሲቆም ኃላፊነት የለበትም። ደላላ የሰጠው ተስፋ ሻጩን አያስገድድም፤ ስለዚህ የተባለው ሁሉ ከሻጩ ዘንድ በጽሑፍ መምጣት አለበት።

ሻጩ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች እነሆ፦ በመተማ ወይም በጎንደር የጥገና ባለሙያ አለዎት ወይ? ማሽኑ ቢሰበር ባለሙያው በስንት ቀን ይደርሳል? መንገድ ቢዘጋስ በስልክ ማን ይረዳል? መለዋወጫው በመጋዘንዎ አለ ወይስ ሲታዘዝ ይመጣል? የአጠቃቀም መመሪያው በአማርኛ ተዘጋጅቷል? ለኦፕሬተሩ ሥልጠና ይሰጣል? ከዚህ ቀደም ማሽኑን በአካባቢው የገዛ ማን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ማሽኑን ለሁለት ወቅት የሠራበት አርሶ አደር የሚናገረው ከማስታወቂያው የበለጠ ይታመናል።

ዋጋ ሲጠየቅ ቢያንስ ከሦስት ሻጮች ፕሮፎርማ መሰብሰብ ይመከራል። ፕሮፎርማው ሞዴሉን፣ የሞተሩን ጉልበት፣ አብረው የሚቀርቡ ወንፊቶችንና ፑሌጃዎችን፣ የማጓጓዣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍንና ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና ማሳየት አለበት። የብር ምንዛሬ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ በአጭር ጊዜ ሊለወጥ ይችላል።

የእርሻ ሜካናይዜሽን መሣሪያዎች ከቀረጥ ነጻ ሆነው እንዲገቡ መንግሥት በ2011 ዓ.ም ፈቅዷል። ይህ ለገዢው መልካም ዜና ቢሆንም ያገለገለ ማሽን ወይም ትራክተር ለሚገዛ ሰው ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከቀረጥ ነጻ የገባ ዕቃ ለሌላ ሰው የሚተላለፈው የጉምሩክን ሥርዓት ተከትሎ ስለሆነ፣ ዲክላራሲዮኑን፣ ለትራክተር ደግሞ ሊብሬውንና የሻንሲ ቁጥሩን ሳያመሳክሩ ገንዘብ መክፈል አደጋ አለው።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ገዢዎች የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ እንደሚታደጋቸው ያስባሉ። ይሁን እንጂ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ዕቃን ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው፤ ለማምረት ሥራ የሚገዛውን አይጨምርም። በኪራይ ለማሠራት ወይም ለእርሻ ንግድ መውቂያ የገዛ ሰው በዚህ ትርጉም ሸማች ላይባል ይችላል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ገዢ ዋናው መሠረት በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በሕጉ መሠረት ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስ ነው። ገዢም የራሱ ግዴታ አለበት፤ ዕቃውን እንዳገኘ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ ይጠበቅበታል። ክስ የሚመሠረትበት ጊዜም ገደብ ስላለው ‹‹ነገ እናገራለሁ›› እያሉ ወቅት ማሳለፍ መብት ያሳጣል። ማስታወቂያው በጽሑፍ ቢሆን፣ ቅጂውም በገዢው እጅ ቢቀር ለማስረጃ ይጠቅማል።

ዋስትናው በውል ሊጠብብ ስለሚችል ውሉን ሳያነቡ መፈረም አይገባም። ጥሩ ውል የማሽኑን መለያ ቁጥር፣ የሚወቃቸውን ሰብሎች በስም፣ በሰዓት የሚወቃውን መጠን፣ የዋስትናውን ጊዜና ጥገና የሚሰጥበትን ቀነ ገደብ ይይዛል። ክፍያም በሕጋዊ ደረሰኝና በባንክ በኩል መሆን አለበት። ዋጋ ለማሳነስ ያለ ደረሰኝ የገዛ ሰው ለክርክር የሚያቀርበው ማስረጃ አይኖረውም።

የግዢው ጊዜ ደግሞ አንድ ችግር ይፈጥራል። ከወቅት ውጪ ሲገዛ ሻጩ ጊዜ አለው፤ ለመደራደርም ያመቻል፤ ነገር ግን ማሽኑን የሚፈትኑበት ሰብል የለም። መፍትሔው ከዋጋው የተወሰነውን በመያዣነት አቆይቶ ማሽኑ በገዢው ማሳ የመጀመሪያውን ሰብል በተባለው መጠን ከወቃ በኋላ እንዲከፈል በውሉ ላይ ማስፈር ነው። በማሽኑ የሚተማመን ሻጭ በዚህ ለመስማማት አይከብደውም።

መግዛት ወይስ መከራየት?

ሁሉም አርሶ አደር መውቂያ መግዛት አይጠበቅበትም። ለምሳሌ ያህል ብቻ አንድ ማሽን 600 ሺህ ብር ተገዝቶ ስድስት ዓመት ቢያገለግል በዓመት 100 ሺህ ብር ይቆጠርበታል። ለጥገናና ለብድር ወለድ በዓመት 80 ሺህ ብር ቢወጣ ወጪው 180 ሺህ ብር ይደርሳል። የኪራይ ዋጋ በኩንታል 200 ብር፣ የናፍጣና የሠራተኛ ወጪ ደግሞ በኩንታል 60 ብር ቢሆን ከእያንዳንዱ ኩንታል 140 ብር ይተርፋል። ማሽኑ ወጪውን ለመሸፈን በዓመት 1 ሺህ 286 ኩንታል ያህል መውቃት አለበት ማለት ነው። በሄክታር 25 ኩንታል ማሽላ ቢገኝ ይህ ከ51 ሄክታር በላይ ነው። ገዢው በየቦታው ያለውን የዘመኑን ዋጋ እያስገባ ይህንኑ ስሌት ሊሠራው ይችላል።

ጥቂት ሄክታር ያለው አርሶ አደር ስለዚህ ብቻውን ከመግዛት ይልቅ ቢከራይ ወይም ከጎረቤቶቹ ጋር ተደራጅቶ በጋራ ቢገዛ ይሻለዋል። በጋራ ሲገዛም የመውቂያ ተራው፣ የጥገና መዋጮውና የኦፕሬተሩ ኃላፊነት ከግዢው በፊት መጻፍ አለባቸው፤ ማኅበር የሚፈርሰው ማሽን ሲሰበር ማን ይክፈል በሚለው ክርክር ነውና።

ገንዘብ ለሌለው የሊዝ አገልግሎት አለ። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ደንበኛው ከማሽኑ ዋጋ 20 በመቶ እንዲያዋጣ አድርጎ ቀሪውን 80 በመቶ የሚሸፍንበት አሠራር አለው፤ በክልሉም ዋልያ ካፒታል ዕቃ ፋይናንስ አክሲዮን ማኅበር በተመሳሳይ ዘርፍ ይሠራል። በሊዝ የተወሰደ ማሽን ክፍያው እስኪጠናቀቅ የአከራዩ ንብረት ነው። ማሽኑ ቢቆምም ክፍያው ስለማይቆም አቅራቢውን በጥንቃቄ መምረጥ በሊዝ ለሚወስድ ሰው ይበልጥ ያስፈልጋል።

እጅና እሳት

ማሽን ሲገዛ የመከላከያ ክዳኖቹ መኖራቸውም ይታያል። ሻፍቱ፣ ቺንጋውና ፑሌጃው መሸፈን፣ የነዶ ማስገቢያውም የሠራተኛው እጅ ከበሮው ጋር እንዳይደርስ ረዘም ማለት አለበት። ነጠላ፣ ሽርጥና ረጅም እጅጌ ከሚሽከረከር ሻፍት አጠገብ አደገኛ ናቸው። የታነቀ ከበሮ የሚጸዳው ሞተሩ ጠፍቶ ብቻ ነው። የጭስ ማውጫው ወደ ገለባ ክምር አይዞርም፤ ናፍጣም ሞተሩ እንደጋለ አይሞላም። በደረቅ ወቅት አንዲት ብልጭታ የዓመቱን ምርት ከነማሽኑ ታነዳለች፤ አውድማው አጠገብ በርሜል ውኃና አካፋ ማኖር ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ወጪ ነው።

ምርጫው ከተጠናቀቀ በኋላ ማሽኑን በአውድማ ላይ የሚያቆዩት ነገሮች ርካሽ ናቸው። ሁለት ትርፍ ቺንጋ፣ አራት ኩሽኔታ፣ የናፍጣና የአየር ማጣሪያ፣ አንድ ሳጥን የከበሮ ጥርስ ከማሽኑ ጋር አብረው መግዛት ይገባቸዋል። በኅዳር መጨረሻ በመተማ ገጠር ቀበሌ መሐል የቆመ ማሽን ጎንደር ያለውን ቺንጋ ሊጠብቅ አይችልም፤ ከወዲሁ በሳጥን ውስጥ ያለው ግን በአንድ ሰዓት ይገጠማል።